ሰባተኛው ጠርሙስ

የማቀዝቀዣው በር አልከፈት አለ። ዶክተሯ እጀታውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ አንድ እግሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ትስባለች። ተተኪዋ ደግሞ ከኋላ የዶክተሯን ወገብ አቅፋ ትስባለች።

"ኧረ ቀስ ይበሉ! ነገ ጡረታ የሚወጣ ሰው ዛሬ ወገቡን አይሰብርም።"

"ዛሬ ከተሰበረ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። ነገ ከሆነ ግን ማን ያሳክመኛል? ሳቢ!"

በረዶው ተሰነጠቀና በሩ ተከፈተ። ሁለቱም ወደ ኋላ ተንገዳግደው ጠረጴዛው ላይ ዐረፉ፤ ሳቃቸውን ለቀቁት። ማቀዝቀዣው ዶክተሯ ሥራ በጀመረች ዓመት የተገዛ ነው፤ ነገ ጠዋት ሰዎች መጥተው ይወስዱታል። ሆዱን ባዶ ማድረግ የመጨረሻ ሥራዋ ነበር። የመጨረሻም አይደለም፤ ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ወረቀቶች ይጠብቋታል። አንዱ አስር ሰዓት ላይ በሚደረግላት ሽኝት የምታነበው ንግግር ነው፤ ሌላው ፊርማዋን የሚጠብቅ ቅጽ።

ቅጹ አትክልት ላይ ስለሚረጭ አንድ ፀረ-ተባይ ነው። የሰው ገላ ሳይጎዳ ምን ያህሉን ሊሸከም እንደሚችል ከሰላሳ አንድ ዓመት በፊት ያጠናችው እሷ ናት። ስም ያወጣላትም ያ ጥናት ነው። ገደቡ በየአስር ዓመቱ ይከለሳል፤ እሷም በየጊዜው "ለውጥ አያስፈልገውም" በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርጋ ትፈርማለች። የዛሬው ሦስተኛው ነው፤ ቀኑ ሳያልፍ መላክ አለበት።

ከማቀዝቀዣው ታችኛው መደርደሪያ ተተኪዋ በረዶ የጋገረበት ካርቶን ጎትታ አወጣች። ውስጡ አስራ ሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል።

"ይሄ ምንድን ነው ደግሞ?"

ዶክተሯ የራሷን የወጣትነት የእጅ ጽሑፍ ስታይ ሆዷ ባባ። "ሽንት ነው" አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች።

"ለሽንት ያለቀሰ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው!"

"የአስተማሪዬ የፕሮፌሰሩም አለበት። ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ከእሳቸው የቀረኝ እኮ ይኸው ነው።"

ያን ጊዜ ለሙከራ የሚቀርብ ፈቃደኛ ሰው ከየት ይመጣል? ስለዚህ ፕሮፌሰሩ አንድ ደንብ አወጡ። ሌላውን ከማስዋጥ በፊት መጀመሪያ የቤቱ ሰው ይውጣል። ጉበት ያንን ፀረ-ተባይ የሚሰባብርበት ኢንዛይም ተራ የሳል ክኒንም የሚሰባብርበት ስለሆነ፣ መርዙን መጠጣት አላስፈለገም። ሁሉም ማታ አንድ አንድ የሳል ክኒን ውጦ እስከ ጠዋት ሽንቱን ያጠራቅማል። ጉበቱ ጎበዝ ከሆነ ክኒኑ ተሰባብሮ ይወጣል፤ ሰነፍ ከሆነ ግን እንደገባ ይወጣል። አንድ ቁጥር ፕሮፌሰሩ፣ ሁለት ቁጥር እሷ፣ አምስት ቁጥር ዘበኛው፣ ሰባት ቁጥር ደግሞ ሁሉም "እትዬ" የሚሏቸው የላቦራቶሪው ዕቃ አጣቢ።

ያን ጠዋት መቼም አትረሳውም። አስራ ሁለት ሰው ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ዓይን ለዓይን ላለመተያየት ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ኮሪደሩ ላይ ተሰልፏል። ፕሮፌሰሩ በር ላይ ቆመው "ግቡ ግቡ፤ ባዶ እጁን የመጣ አለ?" ይላሉ። ያለችው አንዲት የምርመራ ማሽን ስትሆን "ሙሽሪት" ይሏታል፤ ተሰናድታ እስክትወጣ ሰው ሁሉ ግማሽ ቀን ስለሚጠብቃት ነው። ዛሬ በሃያ ደቂቃ የሚያልቀው ያኔ ሳምንት ይፈጅ ነበር። ዶክተሯ ያንን ሳምንት፣ ጥበቱን፣ የክፍሉን ሽታና ሳቁን ጨምሮ፣ አሁን ቢሰጧት እጥፍ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተው ነበር።

የመርዝ አጥኚ ሥራ ሰው እንደሚመስለው መርዝ መቀመም አይደለም፤ ማካፈል ነው። እንስሳን ያልጎዳው መጠን መጀመሪያ ለአስር ይካፈላል፣ ሰው እንስሳ አይደለምና። የተገኘው እንደገና ለአስር ይካፈላል፣ ሰውም ከሰው ይለያያልና። በዚህ የተነሳ ባሏ "እሜቴ ለመቶ" የሚል ስም አውጥቶላታል፤ የነገራትን ሁሉ ለመቶ አካፍላ ነው የምታምነው። በዚያ ጥናት ላይ ግን ሁለተኛው አስር ወደ ሦስት ወረደ፤ የተፈቀደው መጠንም በዚያው ልክ ከፍ አለ። ሰዎቹ ሁሉ ክኒኑን በእኩል ስለሰባበሩ፣ በሰውና በሰው መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው ተባለ። ደፋር ግኝት ነበር፤ ያጨበጨበላት ብዙ ነው።

"ሁሉም" ሲባል ግን ከሰባት ቁጥር በቀር ነው።

"ሰባት ቁጥርን ለምን አወጣችሁት?" አለች ተተኪዋ። ካርቶኑ ሥር የተገኘውን የያኔውን ደብተር ገልጣ በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘውን መስመር እያየች ነበር።

"እትዬ ናቸዋ! ክኒኑን መዋጥ ፈርተው ጠርሙሱ ውስጥ ጣሉት። ማሽኗ ምንም ያልተነካ ክኒን አየች። ፕሮፌሰሩ 'እርግጠኛ ነሽ?' አሉኝ፤ 'እርግጠኛ ነኝ' ብዬ ሰረዝኩት። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ራሱን ያመመው ሁሉ 'ለእኔም እንደ እትዬ በጠርሙስ' ይል ነበር። በሳቅ ነበር የምንፈርሰው።"

ተተኪዋ አልሳቀችም። "ጠርሙስ ውስጥ የተጣለ ክኒን፣ ክኒን ብቻ ነው የሚሆነው። በገላ ውስጥ ካለፈ ግን የቱንም ያህል ጉበቱ ሰነፍ ቢሆን፣ የተሰባበረ ነገር ጥቂትም ቢሆን አይጠፋም። ያኔ ማሽናችሁ ጥቂቱን ማየት አትችልም ነበር። የአሁኑ ይችላል። ልየው?"

"የሰላሳ አንድ ዓመት ቀልድ ልታረጋግጪ? ሂጂ እዪው።"

ልጅቷ ጠርሙሱን ይዛ ሄደች። ዶክተሯ ንግግሯን አንስታ ማንበብ ጀመረች፤ "በዚህ ቤት ያሳለፍኳቸው ዓመታት" የሚለው ላይ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። ባሏ ነው።

"እሜቴ ለመቶ፣ ፈረምሽ?"

"ገና ነኝ።"

"ነገ እኮ ጓሮው ይጠብቅሻል። ወንበርሽን ጥላ ሥር አድርጌዋለሁ።"

"መጣሁ፣ መጣሁ። አንድ ነገር እያየን ነው።"

"አንቺ አንድ ነገር ካየሽማ፣ ወንበሩን ዝናብ ይመታዋል" ብሎ ስቆ ዘጋው።

ተተኪዋ የተመለሰችው ጠርሙሱንና አንድ ወረቀት ይዛ ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ማሽኑ በሳለው መስመር ላይ የተሰባበረ ክኒን በሚታይበት ቦታ፣ ጣቷን አንድ ትንሽ ጉብታ ላይ አሳረፈች። ቀጥላም በሌላ፣ ከሱም ባነሰ ጉብታ ላይ። ዶክተሯ እንዲህ ያለ ወረቀት ስታነብ ነው ዕድሜዋን የፈጀችው።

"ውጠውት ነበር" አለች ዶክተሯ።

"ውጠውት ነበር። ጉበታቸው ነው የማይሰባብረው።"

ዶክተሯ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከአስራ ሁለት አንድ ሰው። እትዬ ደብተሩ ውስጥ ቢቆዩ ኖሮ ያ አስር ወደ ሦስት አይወርድም ነበር። እንደ እሳቸው ያለ ገላ የያዘው ሰው ሁሉ፣ እሷ "ምንም አይልህም" ያለችውን መጠን ሲሸከም ኖሯል ማለት ነው። አፈረች። እንደ ትንሽ ልጅ ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

"ዶክተር…" አለች ተተኪዋ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ። "ዛሬ የእርስዎ ቀን ነው። አዳራሹ ሞልቷል። ይፈርሙትና በእርጋታ እኔ አየዋለሁ። ለሚቀጥለው ክለሳ አስተካክለን እናቀርበዋለን።"

"የሚቀጥለው ክለሳ ከአስር ዓመት በኋላ ነው።"

"ከሰላሳ አንድ ዓመት አይበልጥም።"

ልጅቷ ይህን ያለችው ለክፋት አይደለም፤ ስለምትወዳት ነው። ዶክተሯም አውቃለች፤ ለአንድ አፍታም እስክሪብቶውን አነሳችው። ወንበሩ፣ ጥላው፣ አዳራሹ ውስጥ የሚጠብቃት ጭብጨባ፣ ሁሉም ዓይኗ ላይ መጣ። ያ ጥናት የፕሮፌሰሩም ስም ነው፤ እሳቸው ደግሞ ተነስተው መከራከር አይችሉም።

በሩ ተንኳኳ። ከዘራ መጀመሪያ ገባ፣ ቀጥሎ እትዬ ገቡ። ለሽኝቱ የተጠሩ ናቸው፤ ነጠል ብለው ወደ ድሮ ክፍላቸው መምጣታቸው ነበር። ማንንም ሰላም ሳይሉ ማጠቢያው ጋ ሄደው አንድ ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱ።

"ይሄን ማነው ያጠበው?"

"ማሽን ነው፣ እትዬ" አለች ተተኪዋ።

"ማሽን! አንገቱ ላይ ቆሻሻ ትቶበታል፤ ደግማችሁ እጠቡት።" ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞረው አቅፈው አገላብጠው ሳሟት። "ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ተለዋወጠ? ጡረታ እኮ ሞት አይደለም፤ እኔን አታዪኝም?"

ዶክተሯ ወንበር ሳበችላቸው። "እትዬ፣ ያን ጊዜ የሳል ክኒን የሰጠሁዎት ትዝ ይልዎታል?"

"ይረሳል እንዴ? መቀለጃ ያደረጋችሁኝ!"

"ውጠውት ነበር?"

"ዋጥኩት እንጂ! አንቺ ዋጡት ብለሽ ሰጥተሽኝ ምን ላደርገው ነው? ሰዓቴን መስኮት ላይ አድርጌ፣ እንዳልሽኝ አንዲትም ሳላጓድል አጠራቀምኩ። ጠዋት ስነሳ ግን ራሴ ይዞራል፤ ወለሉ ከሥሬ ይሄድብኛል። ያን ትልቁን ብልቃጥ የጣልኩት ለምን መሰለሽ? በዕድሜዬ የሰበርኩት እሱን ብቻ ነው።"

ዶክተሯ ብልቃጡ ሲሰበር የተሰማውን ድምፅ አስታወሰች። ተቆጥታቸውም ነበር።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ነግሬሽ ነበር። ስትስቂ አልሰማሽኝም።" ይህን ሲሉ ቂም አልነበራቸውም፤ ያ ደግሞ ባሰ። "ክኒን አይስማማንም እኛ። ታናሽ እህቴም እንደኔው ናት። አትክልት ቦታ የተባይ መድኃኒት ስትረጭ ውላ ስትገባ ግድግዳ ይዛ ነበር የምትራመደው። አለቆቿ 'ከተፈቀደው አላለፍንም' ይሏት ነበር። እሷም አመነቻቸው፤ እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራውን ተወችው። አሁን ብርጭቆ በሁለት እጇ ነው የምታነሳው።"

ከተከፈተው ማቀዝቀዣ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል።

"እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች ዶክተሯ። "እርስዎ ልክ ነበሩ። ገላዎ እውነቱን ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የሰረዝኩት።" እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

አሮጊቷ ደብተሩ ላይ ያለውን ቀይ መስመር ትክ ብለው አዩ። ማንበብ እንደማይችሉ ዶክተሯ ታውቃለች፤ ሰባትን ግን ይለዩታል። በጣታቸው ቀዩን መስመር ዳሰሱት።

"ይሄ ነው እኔ?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ታዲያ ጻፊኛ።"

ዶክተሯ እስክሪብቶውን አንስታ ከተሰረዘው በታች "ሰባት፦ ትክክለኛ ናሙና" ብላ ጻፈች፤ የዛሬውን ቀንም አኖረች። ቀጥላ ቅጹን ሳበች። "ለውጥ አያስፈልገውም" የሚለውን ሳጥን ባዶውን ተወችው። "ለውጥ ያስፈልገዋል" በሚለው ላይ ምልክት አደረገች፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ደግሞ "የአጥኚዋ ስህተት" ብላ ሞላች። ፈርማ ለተተኪዋ ሰጠቻት።

"አሁኑኑ ላኪው፤ ሳልፈራ።"

ከኮሪደሩ ማዶ የአዳራሹ ማይክሮፎን ሲሞከር ይሰማል። ንግግሩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሁለት ገጽ፣ ምስጋና ብቻ። ዶክተሯ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። በእትዬ የተሳቀው በሰው ፊት ነበር፤ እውነቱም በሰው ፊት ይነገራል። ደብተሩን በብብቷ ያዘች፣ ሰባተኛውን ጠርሙስ ኪሷ ውስጥ አደረገች፣ የአሮጊቷንም ክንድ ደገፈች።

"የት ልታስቀምጪኝ ነው? እኔ የለመድኩት ከኋላ ነው።"

"ዛሬ ከእኔ ጋር መድረክ ላይ ነዎት፣ እትዬ" አለች።