የተላጨ ራስ ልክ

ቅዳሜ ጠዋት ዘአማኑኤል ጠረጴዛ ላይ ጭንቅላት ላይ የሚደረጉ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። አንደኛው የሟች አባቱ የጥበቃ ቆብ ነው፤ እናቱ አጥባ፣ ቅርጹ እንዳይበላሽ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ደፍታ ያደረቀችው። ሌላኛው እሱ ራሱ ሰባት ወር ሙሉ የቀጠቀጠው የራስ ቁር ነው፤ የጥንት ፈረሰኛ ጦር ሜዳ ሲወርድ የሚያጠልቀው ዓይነት፣ ከአናት እስከ አንገት የሚሸፍን፣ ለዓይን አንዲት ቀጭን ስንጥቅ ብቻ የተተወለት።

ሰኞ ከሁለቱ አንዱን ይይዛል። የትኛውን እንደሆነ የሚታወቀው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

አባቱ በባቡሩ ዘመን የሃዲድ ሠራተኛ ነበሩ። ባቡሩ ሲቆም አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች የአንዱን በር መጠበቅ ጀመሩ፤ በሩን ሲከፍቱና ሲዘጉ ዕድሜያቸው ሄደና ባለፈው ጥር ሞቱ። አጎቱ አሻግሬ ደጅ ጠንተው፣ የማይለመን ሰው ለምነው፣ ቦታውን ለልጁ አስገኙለት። «በአባትህ ቦታ ነው የምትገባው! ስንቱ ዲግሪውን ይዞ ፀሐይ ይሞቃል፤ አንተ በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሥራ አገኘህ» አሉት። የሥራ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ነው። የአባቱ የጥበቃ ካፖርት ደግሞ ግድግዳው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ እናቱ አቻምየለሽ እጅጌውን በሦስት ጣት አሳጥራ ለልጇ ልክ አድርጋዋለች። ዘአማኑኤል በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ዓይኑን ያሸሽበታል።

ሌላው የሥራ በር ዘካሪያስ ነው። ዘካሪያስ ለፊልም ሠሪዎች ዕቃ የሚያሰናዳ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም የሚኖር ፈጣን ሰው ነው። የቁሩን ፎቶ ቴሌግራም ላይ አይቶ ደወለ። «ቅዳሜ ስድስት ሰዓት እመጣለሁ። ከሆነልኝ ቁሩንም አንተንም ጭኜ ነው የምሄደው። መንዝ ሦስት ወር እንቀርጻለን፤ የጦር ትዕይንት አለን፤ እንደዚህ ያለ ሃያ ትሠራልኛለህ። ካልሆነ ግን ሌላ ሰው አለኝ፣ አልዋሽህም» አለው። ከዚያም ጨመረ፦ «ያ የቆዳ ማሰሪያ ይጥፋልኝ። ካሜራ ላይ የውሻ ነው የሚመስለው። ደግሞ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን።»

ዘአማኑኤል ይህን ሥራ ማንም አላስተማረውም። ስልኩ ላይ ፈረንጆች ሲቀጠቅጡ እያየ፣ የሚሉትን ሳይሆን እጃቸውን እየተከተለ ነው የለመደው። ብረቱን አስደግፎ የሚቀጠቅጥበት አባቱ ከሥራ ሲሰናበቱ ተሸክመውት የመጡት የሃዲድ ቁራጭ ላይ ነው። ላሜራ ሲመታ ይደነድናል፤ ሲደነድን በከሰል አግሎ ማለስለስ፣ እንደገና መምታት። የመጀመሪያ ሥራውን ጎረቤታቸው ሐጀራ ለዶሮዎቿ ውሃ መጠጫ አደረገችው። ሁለተኛው ተሰነጠቀ። ሦስተኛው አፍንጫ ላይ ጠመመ። አራተኛው ይኸው ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ የሚወደው መቀጥቀጡን ብቻ አልነበረም። ቁሩን አጥልቆ ፊቱን ሲዘጋ የሐጀራ ሱቅ ጫጫታ፣ የአጎቱ ምክር፣ ሚስማር ላይ ያለው ካፖርት ሁሉም ይርቃል። በዚያች ስንጥቅ የሚታየው ዓለም የአንድ ጣት ውፍረት ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ደስ ያለውን ሜዳ፣ ደስ ያለውን ፈረስ ያስቀምጥበታል።

በዚሁ ቅዳሜ ጠዋት የቆዳውን ማሰሪያ ቆርጦ ጣለ። በምትኩ የፊትና የኋላውን ክፍል ከጆሮ ሥር የሚያያይዝ፣ በትንሽ ሽቦ ሞላ የሚገፋ የብረት ምላስ ሠራ። ሲዘጋ ምላሷ ቀጭ ብላ ትገባለች፤ ቀለበቷን ሲስቧት ትወጣለች። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ዐሥር ጊዜ ዘጋው፣ ዐሥር ጊዜ ከፈተው። ውስጡንም አዲስ ስፖንጅ አለበሰው። አራት ሰዓት ሲሆን መስታወት ፊት ቆሞ አጠለቀው። ትንሽ አስቸገረው፤ ገፋ አድርጎ አስገባው።

ቀጭ።

ቀለበቷን ሳበ። አልተንቀሳቀሰችም። ደግሞ ሳበ። ጣቱ እስኪቀላ ሳበ። መጀመሪያ ሳቀ፤ ሳቁ ብረቱ ውስጥ ተመልሶ ጆሮው ላይ ሲጮህበት ግን ደነገጠ።

እናቱ ሽንኩርት ገዝታ፣ የሐምሌ ጭቃ ያበላሸውን ጫማዋን ደጃፉ ላይ እየጠረገች ስትገባ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ድስት አውልቅና ቁርስህን ብላ።»

«እማዬ፣ አልወልቅ አለኝ።»

«እንዴት አልወልቅ ይላል? አንተ አይደለህም የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ሽንኩርቱን ጥላ ተጠጋች። አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ጎን ጎተተችው፤ ጆሮው ሊነቀል ደረሰ። ከዚያ በሩ ላይ ቆማ ጮኸች፦ «ሐጀራ! ኧረ ሐጀርዬ ድረሽልኝ!»

ሐጀራ የግቢው በር ላይ ሱቅ ያላት፣ ከስልጤ የመጣች፣ ለችግር እጇን ለቀልድ ምላሷን ማንም የማይቀድመው ሴት ናት። ሻርፗን እያስተካከለች ገብታ ክው አለች።

«አላህ ያውጣን! እትዬ አቻምየለሽ፣ ይሄ ሰው ነው ወይስ የውሃ ታንከር?»

«አትቀልጂ፣ ታስሮብኝ ነው!»

«ወላሂ ሰኞ እንዲህ ሆኖ ጥበቃ ቢቆም እኮ፣ እንኳን ሌባ ሥራ አስኪያጁም አይገባም።» ሳቋን ዋጥ አድርጋ ስንጥቋ ላይ ዓይኗን አስጠጋች። «አማኑ፣ አለህ?»

«አለሁ።»

«ትተነፍሳለህ?»

«አዎ። አታስቂኝ ግን።»

ሮጣ ከሱቋ የዕቃ ማጠቢያ ላርጎ አመጣች። በአንገቱ በኩል አፈሰሱበት፣ ውሃ ጨመሩበት፣ ግራና ቀኝ ይዘው ጎተቱ። አረፋው ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ መጥረግ ፈለገ፣ እጁ ከብረቱ ጋር ተጋጨ። የገዛ ፊቱን መንካት አልቻለም። 

«እንዲህ አይሆንም» አለች ሐጀራ። «ሳሪስ አቦ ጄኔሬተር ያላቸው ብየዳ ቤቶች አሉ። እዚህ እንደሆነ መብራት የለም። ባጃጅ ልጥራና በግራይንደር ይሰንጥቁለት።»

«አይሆንም!» አለ ዘአማኑኤል።

«ምኑ ነው የማይሆነው?» አለች እናቱ። «ከጭንቅላትህ ላሜራ በለጠብህ?»

«ከተቆረጠ አለቀ። ሰውዬው ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ እኔ ሰኞ…» ቃሉን አልጨረሰውም። የሚያቃጥለውን ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን በአንገቱ በኩል ሰደደ። ሁለት ጣት ብቻ ገባ። የነካው ብረት አልነበረም፤ ጥቅጥቅ ያለ እርጥብ ጸጉር ነው።

ያን ጊዜ ገባው። ልኩን የወሰደው ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ራሱን በምላጭ ተላጭቶ፣ በእናቱ ሜትር። በወሩ አባቱ ሞቱ። ሰው ሁሉ አርባው ሲወጣ ተላጨ፤ እናቱ ግን «ሙት ዓመቱ ሳይወጣ መቀስ እንዳይነካህ» አለችው። እሺ አለ። እሷን እሺ ማለት ልማዱ ነው። ሰባት ወር ያደገው ጸጉር ከአዲሱ ስፖንጅ ጋር ተጨምቆ የኋላውን ክፍል ወደ ውጭ ይገፋል፤ ክፍሉ ሲገፋ ምላሷን ይነክሳታል፤ የተነከሰች ምላስ ደግሞ ብትሳብ አትወጣም። ጠረጴዛ ላይ ዐሥር ጊዜ የተከፈተው ባዶውን ስለሆነ ነው።

«ጸጉሬ ነው» አለ። «ከማጅራቴ በኩል ቢቆረጥ ይላላል። በቀጭን መቀስ።»

ሐጀራ እናቱን አየቻት።  ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀመረ።

«ሙት ዓመቱ ስድስት ወር ቀርቶታል» አለች እናቱ፣ ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

«ቃል ገብተህልኛል።»

«ገብቻለሁ።»

ሌላ ምን ይበል? በስንጥቋ ሲያይ የአባቱ ካፖርት ብቻ ነው የሚታየው፤ አጭር እጅጌው ወደ እሱ የተዘረጋ መሰለው። እናቱ ምን እንደምታስብ ያውቃል። ቁሩ ከተከፈተ ልጇ መንዝ ይሄዳል። ቁሩ ብየዳ ቤት ከተሰነጠቀ ሰኞ ጠዋት እዚሁ፣ እሷ ባሳጠረችው ካፖርት ውስጥ ይሆናል። ሁለቱም በር ቁልፉ እሷ እጅ ነው።

ውጭ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ።

«መጣ!» አለ ዘአማኑኤል። ዘካሪያስ ቀድሞ ደርሷል፤ ገና አምስት ሰዓት ተኩል ነው። «እማዬ፣ እንዲጠብቀኝ ንገሪልኝ። እንደዚህ ሆኜ እንዳያየኝ። ቶሎ የሚወልቅ ነው ያለኝ…»

እናቱ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ሐጀራም «ሱቁን ክፍት ትቼው ነው» ብላ ተከተለቻት።

ብቻውን ቀረ። የራሱ ትንፋሽ እንደ ሰው ትንፋሽ ሳይሆን እንደ ወናፍ ይሰማዋል። ከትንፋሹ ባሻገር ደጅ ላይ ድምፅ አለ፤ የወንድ፣ ከዚያ የእናቱ፣ ደግሞ የወንድ። ቃሉ አይለይም። ዝናቡ ይበላዋል፣ ብረቱ የተረፈውን ይበላዋል። ለመጮህ አፉን ከፈተ፤ «ዘካሪያስ!» አለ። ድምፁ ከአፍንጫው አልፎ አልሄደም። ወደ በሩ ሊራመድ ሲል የእናቱ መቀመጫ ዱካ አደናቀፈውና ተንበረከከ። የግቢው በር ጓ ብሎ ተዘጋ። የመኪናው ሞተር ለአፍታ አጓራና ጠፋ።

ሄደ።

ተንበርክኮ እንዳለ ቀረ። ስንጥቋ ላይ ሜዳም ፈረስም አልመጣለትም፤ የቤታቸው ሲሚንቶ ብቻ። አባቱ በፋብሪካው በር ላይ ይህን ሁሉ ዓመት ሲቆሙ ምን ያዩ ነበር? ጠይቋቸው አያውቅም።

የእናቱ እግር መጣ። ዱካውን አቃንታ ተቀመጠች።

«ምን አልሽው?»

«ጭንቅላትህን እዚህ አድርግ።»

«እማዬ፣ ምን አልሽው?»

«ጉልበቴ ላይ አድርግ አልኩህ። አትነቃነቅ፣ እንዳልወጋህ።»

የካፖርቱን እጅጌ ያሳጠረችበት መቀስ ነው። ቀዝቃዛው ጫፉ ማጅራቱን ነካው። ጭጭ፣ ጭጭ፣ ጭጭ። እርጥብ ጸጉር እያወጣች ጋዜጣ ላይ ታስቀምጣለች።  ስትናገር ለእሱ ሳይሆን ለመቀሱ የምታወራ ትመስል ነበር።

«ባቡሩ ሲቆም አባትህን ድሬዳዋ ና፣ እዚያ የባቡሩ ጋራዥ አልተዘጋም ብለውት ነበር። እጁ ወርቅ ነበር ለብረት።»

«አልነገርሽኝም።»

«እኔ ነኝ አትሂድ ያልኩት። አንተ ትንሽ ነበርክ፣ ሰው አገር ፈራሁ። እሺ አለኝ። እሱም እንዳንተ ነው፤ እሺ ይላል ከዚያ ዝም ይላል።» ጭጭ። «ዐሥራ ስድስት ዓመት ዝም አለኝ። ያን ሃዲድ ግን አንድ ቀን ጣለው ብዬው እሺ አላለኝም። አሁን ሳባት።»

ሳበ። አልወጣችም።

«አልሆነም።»

«ቆይ ታዲያ።» መቀሱ ወደ ላይ ዘለቀ። ጫፉ ቆዳውን ጫር አደረገው፤ ጮኸ፤ እሷም «ይቅርታ፣ ይቅርታ ልጄ» አለች፣ ግን አላቆመችም። ከዚያ መቀሱን ጥላ ቁሩን በሁለት እጇ ግራና ቀኝ ያዘችና፣ ድሮ ጆሮውን ሲያመው እንደምታደርገው፣ ጭንቅላቱን ወደ ደረቷ ጨመቀችው።

«ሳብ!»

ቀጭ።

ብርሃኑ ባንድ ጊዜ ወረረው። ፊቱ በአረፋ፣ በላብና በእንባ ተለውሷል። በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ማድረግ ነው። ከዚያ ቁሩን ይዞ ወደ ደጅ ሮጠ።

መኪናው የግቢው በር ሥር ሞተሩ ጠፍቶ ቆሟል። ዘካሪያስ ሐጀራ ሱቅ ዝናቡን ተጠልሎ ብስኩት በለስላሳ ይበላል።

«እማማ ጸጉሩን እየቆረጥኩለት ነው፣ ይጠብቁ ሲሉኝ ልጁ ሙሽራ ነው እንዴ ብዬ ነበር» አለ። ቀረብ ብሎ አየውና ብስኩቱ አፉ ውስጥ ቀረ፤ ከማጅራቱ ጸጉሩ በከፊል ተቆርጧል፣ ከፊቱ ጎፈሬው እንዳለ ቆሟል። «የቆረጠህን ሰው ክሰስ ልልህ ነበር፤ እናትህ ናቸው ለካ።»

ሐጀራ በሻርፗ አፏን ሸፈነች።

ዘካሪያስ ቁሩን ተቀብሎ አገላበጠው። በጥፍሩ መታው፣ ጠርዙን ዳሰሰ፣ ምላሷን አየ። ውስጡ እርጥብ መሆኑ ገረመው፣ ግን አልጠየቀም። «ቆንጆ ነው» አለ። «ፎቶው አላሳየውም። በል አጥልቀውና አውልቀው፤ እኔ እቆጥራለሁ። ካሜራ ፊት አንድ ሰው ውስጡ ታፍኖብኝ ያውቃል፤ ሁለተኛ አልደግመውም።»

 እናቱ በሩ ላይ ቆማለች፣ መቀሱ ገና እጇ ላይ ነው። ሐጀራ ሳቋን ረስታ «ያ አላህ» አለች በሹክሹክታ።

ዘአማኑኤል ቁሩ ይላላ አይላላ አያውቅም። ከፊት ያለው ጸጉር አልተቆረጠም። ጎፈሬውን በመዳፉ ወደ ኋላ፣ ባዶ ወደሆነው ማጅራቱ ገፋው፤ አጠለቀ፤ ዘጋ።

ቀጭ።

ዓለም እንደገና አንድ ጣት ሆነች። በዚያች አንድ ጣት ውስጥ የእናቱ እጅ ይታያል፤ መቀሱን ይዛ ሳታውቀው አንድ እርምጃ ወደ እሱ ስትቀርብ።

«አንድ» አለ ዘካሪያስ።

ቀለበቷን ያዘ።

«ሁለት።»

ሳበ። ምላሷ ትንሽ አንገራገረች፤ ከዚያ ወጣች።

«ሦስት ሳልል» አለ ዘካሪያስ። «በል ልብስህን ያዝ፣ መንገዱ ሳይዘጋጋ።»

ዘአማኑኤል ወደ ቤት ሲገባ እናቱ ቀድማው ገብታለች። ጸጉሩን በጋዜጣው ጠቅልላ ከቆቡ አጠገብ አስቀምጣዋለች። ካፖርቱን ከሚስማሩ አውርዳ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በዚያው መቀስ የእጅጌውን ክር አንድ በአንድ እየተረተረች ነው።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«አሻግሬ ቦታውን ለሌላ ይሰጠዋል» አለች ቀና ሳትል። «የሚለብሰው ሰው እጁ ረጅም ይሁን አጭር በምን አውቃለሁ? እንደነበረ ልመልሰው ብዬ ነው።» ጥቂት ቆይታ፣ «ሃዲዱን ለብቻህ አትሸከመው፤ ከሰውዬው ጋር ያዙት» አለችው።