ጠብቆና ላልቶ

"ስድስት!" ፋርማሲስቷ ከወንበሯ ዘለለች። ሾፌሩ ጠረጴዛውን በጥፊ አጮለው። ተጫዋቾቹ ሁሉ ተንጫጩ።

ሠዓሊዋ ጨዋታውን ሊሞክሩ የመጡት ሰዎች ካሉበት የመስታወት ክፍል ውጪ፣ በማተሚያ ቤቱ ጥግ ተቀምጣ የጨዋታውን የመመሪያ መጽሐፍ ለመጨረሻ ጊዜ ታርማለች። ታርማለች ይባል እንጂ ጆሮዋስ ውስጥ ነው። ታናሽ እህቷ እዚያ ቆማ ስለ ባለዘጠኝ በሯ ከተማና በሮቿን ስለሚጠብቀው ዘንዶ ትተርካለች፤ ተጫዋቾቹ ደግሞ አንዱ ጦረኛ፣ አንዷ ጠንቋይ ሆነው ዕጣ ፈንታቸውን በሚጥሉት ባለስድስት ገጽ ዳይስ ይወስናሉ።

ከተማዋም ዘንዶውም የሠዓሊዋ ናቸው። ስድስት ዓመት ወገቧ እስኪቆረጥ ጎንብሳ የሠራችው ሥዕላዊ ልቦለድ ነው። ከታተመው ግማሹ ሳይሸጥ ዛሬም አልጋዋ ሥር በካርቶን ተቀምጧል። እህቷ ከሱ ያወጣችው ጨዋታ ግን ገና ሳይታተም ሰው ይጋፋበታል። ሽፋኑ ላይ የታናሽየዋ ስም እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ተንቦግቡጓል፤ የእሷ ከኋላ፣ ባርኮዱ ሥር ተሸጉጧል።

ሾፌሩ ውኃ ሊጠጣ ወጣ። "ይቺ ልጅ ግን ጉደኛ ናት! ይሄን ሁሉ ከየት አመጣችው?"

"ከመጽሐፍ ነው።"

"ውይ! መጽሐፍም አለው እንዴ?"

ቅጥል አለች። ቀናች፤ ምን ይደበቃል! በእህት አይቀናም ያለ ሰው እህት የሌለው መሆን አለበት።

ገጹን ስትገልጥ ዓይኗ አንድ መስመር ላይ ቀረ። "ዘንዶው ፊት ስድስት የጣለ ይመታል።" ላልቶ ሲነበብ መቺ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺ። ታናሽየዋ በአፏ እየነገረች ስለምታጫውት እስከ ዛሬ የተደናገረ የለም። ወረቀት ግን አያጠብቅ፣ አያላላ! ሦስት ሺህ ሳጥን ወጥቶ ሰው በየቤቱ ሲጨቃጨቅ፣ "ሴትዮዋ አማርኛ አትችልም" ሲባል ታያት። ደስ አላት። እህቷ ለዚህ ጨዋታ ሥራዋን ለቃ ሁለት ዓመት እንደደከመች እያወቀች፣ ደስ አላት።

አታሚው መጣ። "ልጄ፣ ማሽኑ ሞቋል። የልቦለዱ ባለቤት ካልፈረመች አላትምም።"

"እንግዲህ ትመታ!" አለች በሆዷ፤ ፈረመችና ሰጠችው።

ታናሽየዋ ላቧን እየጠረገች ብቅ አለች። "እታለም፣ አለቀ?"

"አለቀ።"

"ሙሉውን አነበብሽው?"

"ፈረምኩ አይደል እንዴ!"

"ተመስገን! ካንቺ ዓይን ያለፈ ስህተት ማንም አያገኘውም ብዬ እኔማ ተዝናንቼ ነው የማጫውተው።" ትከሻዋን ሳመቻትና ወደ ጠረጴዛዋ ዞረች።

እቴ፣ ምነው ዝም ብትል ኖሮ! ማሽኑ ማጓራት ሲጀምር ሠዓሊዋ ብድግ አለች።

"ጋሼ፣ ይቆዩ! ያቁሙት!"

አታሚው እያጉረመረመ አጠፋው። ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃ ፊርማዋን ሰረዘች። ታናሽየዋ ደንግጣ ተመለሰች።

"ምን ሆነሻል?"

"ይቺን አንብቢያት።"

"ስድስት የጣለ ይመታል። እና?"

"አጥብቀሽ ድገሚያት።"

ታናሽየዋ ደገመች። እጇ አፏ ላይ ወጣ። "ወይኔ ጉዴ! ልጠፋ ነበር እኮ!"

ሠዓሊዋ "ይመታል" ከሚለው በፊት "ዘንዶውን" ብላ ጨመረች። ታናሽየዋ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

"አወጣሽኝ፣ እታለም! ምን ዓይነት ዓይን ነው ያለሽ? አሁን ነው ያየሽው?"

"አዎ" የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ብትላት ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ምስጋናውም የእሷ ነው። የእህቷን እጆች ከአንገቷ ቀስ አድርጋ አላቀቀች።

"ከመፈረሜ በፊት ነው" አለቻት።