ባዶውን የሚመለስ ሳህን

በኮሎምቢያዋ የወንዝ ዳር ከተማ በማጋንጌ ሰው ታሞ ከሆስፒታል ሲወጣ ጎረቤት የቦካቺኮ ዓሣ ሾርባ ይዞለት ይመጣል፤ ሳህኑም ባዶውን ይመለሳል። ሾርባ መለሰ ማለት ሰው ሰደበ ማለት ነው። ዱቢስ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ግን የአባቷን የዶን ኒካሲዮን ግማሽ አካልና አንደበት ስትሮክ ወስዶታል። ከሆስፒታል ሲወጡ ነርሷ አስጠንቅቃታለች፤ «ቀጭን ነገር፣ ውሃም ቢሆን፣ ሳንባቸው ከገባ አለቀላቸው። ሁሉንም በበቆሎ ዱቄት አወፍሪው። ‹አገጭ ወደ ታች፤ አሁን ዋጥ› እያልሽ በማንኪያ ስጫቸው።» ሐኪሙ ደግሞ፣ «የምትያቸው ይገባቸው እንደሆነ እንጃ» ብሏታል።

ታዲያ ምን ታድርግ? በየቀኑ ያን ሁሉ ሾርባ ማወፈሪያ ዱቄት ከየት ይመጣል? ሾርባውን አመስግና ትቀበልና ጓዳ ገብታ ራሷ ትጠጣዋለች። ጎረቤቷ ያዲራ ባዶ ሳህኗን ባየች ቁጥር፣ «እሰይ! ጨረሰው? ነገ እጨምርለታለሁ!» ትላለች። ወይ ጣጣ! ይኸው የዱቢስ ቀሚስ ጠቧታል።

አንድ ቅዳሜ ዱቄቱ አለቀ። የአባቷ እህት እትዬ ቶማሳ ሊጠይቁ መጥተው ስለነበር፣ «እትዬ፣ ሱቅ ደርሼ ልምጣ። ምንም እንዳይቀምስ፣ አደራ!» ብላ ወጣች።

የሰፈሩ ሱቅ ዝግ ነው። ወንዝ ዳር ካለው ሱቅ ተሰልፋ ዱቄቱን እንደከፈለች ያዲራ ከኋላዋ መጣች።

«ዱቢስ! ሾርባውን ለቶማሳ ሰጥቻት መጣሁ። ‹አይቅመስ ብላኛለች› ስትለኝ፣ ‹ምን ማለትሽ ነው፣ በየቀኑ ሳህን ሙሉ ይጠጣ የለ!› አልኳት።»

ዱቢስ የከፈለችበትን ዱቄት እዚያው ጥላ ሮጠች። ምነው እውነቱን በተናገርኩ! ቢቀየሙኝስ ምን እሆን ነበር? ይሉኝታዬ አባቴን ገደለው! እያለች አቧራውን እያቦነነች ሮጠች።

ስትገባ እትዬ ቶማሳ ማንኪያ እንደያዙ ተቆጥተዋል።

«ወንድሜ ኩራተኛ ሆኗል! በየቀኑ ሳህን ሙሉ ይጠጣል፣ ከእኔ እጅ ግን አንዴ ጎረሰና አፉን ዘጋ!»

«ዋጠው?»

«እኔ ምኑን አውቄ!»

ዶን ኒካሲዮ በደህናው እጃቸው ከንፈራቸውን ጨምድደው ይዘዋል። ጉንጫቸው በሾርባው ተነፍቷል፤ ዓይናቸው በሩ ላይ ነው።

ዱቢስ ፎጣ ዘረጋችላቸው። «አባዬ፣ ትፋው።»

ተፉት። ሁሉንም። ከዚያ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ዝቅ አደረጉና ዓይን ዓይኗን አዩ።

«ምን እያደረገ ነው?» አሉ እትዬ ቶማሳ።

«የምለውን ይሰማኛል! እትዬ፣ ለካ እስከ ዛሬ ሁሉ ሲገባው ነበር!» ዱቢስ ጉልበታቸውን አቅፋ አለቀሰች።

ያዲራ የተጣለውን ዱቄት ይዛ እያለከለከች ገባች። ዱቢስ ሳህኑን ከነሾርባው አቀበለቻት።

«ያዲራ፣ አንድም ቀን አልጠጣልሽም። ቀጭን ነገር ይገድለዋል። የጠጣሁት እኔ ነኝ።»

ያዲራ ሳህኑን አየች፤ የዱቢስን የጠበበ ቀሚስም አየች።

«እኔስ ይቺ ልጅ ምን በልታ ወፈረች እል ነበር» አለች። ከዚያ ዱቄቱን ወደ ዱቢስ ዘረጋች። «ልገድለው ነበር እኮ! በይ ነይ፣ ሾርባው እንዴት እንደሚወፍር አሳዪኝ።»

ዶን ኒካሲዮ አገጫቸውን እንደደፉ እየጠበቁ ነበር።