ጾም ሲፈታ የሚነሳብኝ

በሽታዬን ከእኔ በቀር ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ምራቅ አፌን እየሞላው፣ ሆዴ እየተገለባበጠ፣ የበራችንን ምሰሶ ይዤ ቋቅ ስል፣ በደጅ የሚያልፈው ሁሉ የበሽታዬን ስም ነግሮኝ ያልፋል። እግዜር ይማርሽ ብሎ ዝም ያለኝ ሰው አላስታውስም።

መጀመሪያ እርግዝና ነው ተባለ። የባሌ የአበረ እናት፣ እማማ እታለማሁ፣ ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸው ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። ልጃችን ውዴ ሁለት ዓመት አልፏት ስለነበር ጊዜውም ነው። ዘጠኝ ወር አለፈ፤ አሥርም፣ አሥራ አንድም ሆነ። ሆዴ ግን ከጀርባዬ እንደተጣበቀ ቀረ። «ምነው ማናለብሽ፣ ዝሆን ነው እንዴ ያረገዝሽው?» እያሉ ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ቀጥሎ ኮሶ ነው ተባለ። እኛ ኮሶበር ከተማ አጠገብ ነን፤ ዛፉ ከደጃችን ቆሟል። ሌላው ሰው በሁለት ወር የሚጠጣውን እኔ በየሦስት ሳምንቱ ጠጣሁ። የሚወጣው ወጣ፤ ማቅለሽለሹ ግን እንደ ቤቱ ተደላድሎ ተቀመጠ። ከዚያ የሰው ዓይን ነው ተብሎ በጭስ ታጠንኩ። ጭሱ የባሰ አስመለሰኝ።

እማማ እታለማሁን መቼም አላማቸውም። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች እናት ምን እንደሆነች ያወቅሁት በእሳቸው ነው። ዳልቻ የምትባል ላም ነበረቻቸው። ውዴን ጡት ካስጣልኩ ጀምሮ፣ ጎህ ሲቀድ አልበው፣ በወይራ በታጠነ ቅል፣ የመጀመሪያውን ወተት የሚያመጡት ለእኔ ነበር። «ባዶ ሆድ ነው የሚያስመልስሽ፤ ይኼን ጠጪና ይያዝልሽ» ይሉኛል። እስክጨርስ ድረስ አጠገቤ ቆመው ያዩኛል። የባሰብኝ ቀን ደግሞ ማታም ይደግሙልኛል።

በፍልሰታ ጸበል ገባሁ። አሥራ አምስት ቀን ሽሮና ቆሎ እየበላሁ ሰነበትኩና ዳንኩ። እልል ተብሎ ቤቴ ገባሁ። ጾሙ በተፈታ ማግስት ምሰሶዬን ያዝኩ። በገና ጾምም እንዲሁ፤ ጾሙን ደህና ከርሜ፣ ሲፈታ ወደቅሁ። በሁዳዴማ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ እንጨት ለቅሜ፣ ውኃ ቀድቼ፣ ባቄላ ፈትጌ፣ የሰውም ሥራ አግዤ ነበር። ፋሲካ ዋለ፤ ሰኞ ጠዋት ከምሰሶዬ ጋር ተገናኘን።

እንግዲህ ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ሆነላቸው። የንስሐ አባታችን አባ ሽባባው መጥተው መደብ ላይ ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ እግዚአብሔር እየጠራሽ ነው» አሉኝ። «በጾም የሚያድንሽ፣ ሲፈታ የሚያሳምምሽ፣ ዕድሜሽን ሙሉ እንድትጾሚለት ነው። አበረ ይፍቀድልሽና መንኩሺ።» ቀኑንም ቆረጡ፤ በዓለ ሃምሳ አልቆ፣ ጰራቅሊጦስ ውሎ፣ የሰኔ ጾም በሚገባበት ሰኞ።

እማማ እታለማሁ ሁለት ቀን አለቀሱ። በሦስተኛው ቀን ነጠላ ገዝተው ቢጫ ነከሩልኝ፤ ቆቡንም በእጃቸው ሰፉ። አበረ ዝምተኛ ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን ፈረሱን እያሰረ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ «ከምትሞችብኝ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር በሕይወት ብትኖሪ ይሻለኛል» አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ውዴ አምስት ዓመቷ ነው። እኔ ጎጆ ተቀልሶልኝ እዚያ ልቀመጥ፣ እሷ በበዓል በበዓል መጥታ ልትስመኝ።

መመንኮስ ክፉ ነገር አይደለም። የተጠራ ይሂድ። እኔን ግን ማንም አልጠራኝም፤ ቢጠራኝ አልሰማም ነበር? ጆሮዬ ደህና ነው፤ የታመመው ሆዴ ነው። ስለዚህ ሳልመነኩስ በፊት ሆዴን የሚያመውን አውቀዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ዳንግላ በጥቅምት አንድ ጊዜ ሄጄ ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ አቶ አየነው የሚባሉ፣ መነጽር ያደረጉ የደብረ ማርቆስ ሰው የጤና ረዳት፣ ድሬሰር የሚሉት፣ ሆነው ይሠራሉ። የትል መድኃኒት ሰጡኝና፣ «በሳምንት ስንት ቀን ያምሻል? መቼ ይብስሻል?» ብለው ጠየቁኝ። ሁልጊዜ ነው አልኳቸው። «ሁልጊዜ የሚባል መልስ ለእኔ አይረዳኝም፤ ቀኑን ያዢ» አሉኝ። አፈርኩ፤ ተናደድኩም። መጻፍ አላውቅም፤ መፍተል ግን አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ በፈተልኩት ክር ላይ አንድ ቋጠሮ እቋጥር ጀመር። የታመምኩበት ቀን ከሆነ በቋጠሮው ውስጥ ጥቁር የበግ ጠጉር አስገባለሁ፤ ደህና የዋልኩበት ከሆነ ባዶውን እተወዋለሁ።

ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ ያን ክር ጠቅልዬ በመቀነቴ አሰርኩና በጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። መንገዱ ሲያንገጫግጨን ዳንግላ እስክንደርስ የተሳፈረው ሁሉ አስመለሰ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከሰው እኩል የሆንኩት ያን ቀን ነው።

አቶ አየነው ክሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ከዛሬ ወደ ኋላ እየቆጠሩ እንደ መቁጠሪያ በጣታቸው ተከተሉት። ብዙ ጊዜ ወሰዱ። እኔም አልቸኮልኩም።

«ይኼ ረቡዕ፣ ይኼ ዓርብ ነው» አሉ። «በየሳምንቱ ሁለት ንጹሕ። ይኼ ረጅሙ ሁዳዴ ነው።»

«አዎ፣ ጾም ሲሆን ደህና ነኝ። ለዚህ ነው ሊያመነኩሱኝ ያሉት» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኼስ? በጥር መጨረሻ አምስት ንጹሕ ቋጠሮ በተከታታይ አለ። ያኔ ጾም የለም።»

«ያኔ ግምጃ ቤት ከተማ ነበርኩ። አክስቴ ሞታ ለልቅሶ ሄጄ።»

«እዚያ ምን ስትበዪ ሰነበትሽ?»

«ጎረቤት ያመጣውን ነዋ። ሽሮ፣ ድንች፤ ሁለት ቀን ሥጋም ነበር።»

«ሥጋ በልተሽ አላስመለሰሽም?»

«ኧረ አላስመለሰኝም።»

«ወተትስ ትጠጪ ነበር?»

«ወተት ከየት ይመጣል፣ አክስቴ ላም እንኳ የላት…» አልኩና ክሩን አየሁት። በጾም የማልጠጣው፣ በልቅሶው ቤት ያልጠጣሁት፣ እቤቴ ስሆን ግን በየማለዳው የምጠጣው ነገር አንድ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

«እኔ ዶክተር አይደለሁም» አሉኝ አቶ አየነው። «ይኼን የሚያሳይ መሣሪያም የለኝም። ወተት የማይስማማው ሰው ግን አይቻለሁ። ሃያ ቀን ወተትም፣ እርጎም፣ አይብም፣ ቅቤም ተዪ። ሌላውን ሁሉ ብዪ። በተለይ እንቁላልና ሥጋ ብዪ፤ ጾም ነው ያዳናት እንዳይሉሽ። ክሩን ደግሞ አታቋርጪ።»

ምክሩ ቀላል ይመስላል፤ እማማ እታለማሁን ለማያውቅ ሰው። በማግስቱ ቅሉን ይዘው ሲመጡ፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወተት ትቻለሁ» አልኳቸው። ፊታቸው ደም መሰለ።

«በሃምሳው ይጾማል እንዴ?» አሉኝ። «ጌታ በተነሳበት፣ ረቡዕና ዓርቡ እንኳ በተፈታበት?»

«አልጾምም። የሚያመኝ ወተቱ መሆን አለመሆኑን ላውቅ ነው።»

«ወተት! ሕፃን የሚያድግበት ወተት?» አሉና በአገውኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አጉተመተሙ። «የእኔ እጅ ነው ያስጠላሽ በይኝ» ብለው ቅሉን ይዘው ወጡ። እሳቸውን ከማስከፋ ጠጥቼ ባስመልስ ይሻል ነበር፤ ሦስት ዓመት ያደረግሁትም ሳላውቀው እሱኑ ነው። የውዴን ነገር ሳስብ ግን ጨከንኩ።

ጾም አለመሆኑን ሰው ማየት ነበረበት። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አንድ እንቁላል ቀቅዬ፣ በር ላይ ወጥቼ፣ አላፊ አግዳሚ እያየኝ እየላጥኩ እበላለሁ። አበረ በሳምንቱ ከገበያ ሲመለስ ሁለት ዶሮ በብብቱ ይዞ መጣ። ያን ቀን እንደምወደው ነገርኩት።

በርክበ ካህናት ዕለት፣ ረቡዕ ነው፣ አባ ሽባባው በደጃችን ሲያልፉ እንቁላሌን ይዤ አገኙኝ።

«እንዴት ሰነበትሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ አባ። ሳልጾም ደህና ነኝ።»

እንቁላሉን አዩ፣ እኔን አዩ። «ሰኔ ሲገባ እንተያያለን» ብለውኝ ሄዱ።

አሥራ ሁለት ንጹሕ ቋጠሮ ቋጠርኩ። ሰውነቴ ተመለሰ፤ ውዴን አዝዬ ወንዝ ወረድኩ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ገና ረፋዱ ላይ አፌ በምራቅ ተሞላ። አላመንኩም። ሮጬ ምሰሶዬን ያዝኩና አንጀቴ እስኪወጣ አስመለስኩ። እስከ ከሰዓት ድረስ አልቆመልኝም። ወተት በአፌ አልዞረም፣ ቅቤም አልነካሁም። እንግዲያው አባ ሽባባው ልክ ናቸው ማለት ነው። ክሩን ከመቀነቴ አውጥቼ ልበጥሰው ጎተትኩት፤ ጥሩ አድርጌ ፈትዬው ኖሮ እምቢ አለኝ። ቢጫው ልብስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ያየኛል። ውዴ መጥታ በትንሽ እጇ ጀርባዬን መታ መታ ስታደርገው አለቀስኩ።

ከዚያ ተናደድኩ። ንዴት ለእኔ ጥሩ ነው። ጠዋት ምን በላሁ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። እንቁላል። ደግሞ ገንፎ፤ እማማ ያመጡልኝ፣ በቅቤ ፈንታ የኑግ ዘይት ያደረጉበት። ታረቅን ብዬ ደስ ብሎኝ ጥርግ አድርጌ ነው የበላሁት።

ቀና ስል እማማ እታለማሁ በሩ ላይ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ምኑ እማማ?»

«ገንፎውን ያገነፋሁት በወተት ነው። በውኃ አይደለም። ያለ ወተት ስትውዪ አንጀቴን በላሽው። ሳታውቂው ቢገባልሽ ያበረታሻል ብዬ…» እግሬ ሥር ሊወድቁ ሲሉ ደግፌ መደቡ ላይ አስቀመጥኳቸው። «ያላወቅሽውን ነገር ሆድሽ አወቀው። ሦስት ዓመት በዚህ እጄ ነው ያሳመምኩሽ።»

ልቆጣቸው ይገባኝ ነበር። ግን አልሆነልኝም፤ ሳቅ መጣብኝ። እያለቀስኩ ሳቅሁ። ማንም ሰው፣ አቶ አየነውም ቢሆኑ፣ እንዲህ ያለ ምርመራ ሊያደርግልኝ አይችልም ነበር። የዚያን ቀን ማታ አሥራ ሦስተኛውን ቋጠሮ በጥቁር ጠጉር ቋጠርኩት። በደስታ የቋጠርኩት ጥቁር ቋጠሮ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጰራቅሊጦስ እስኪውል ድረስ ሌላ ጥቁር አልገባበትም።

ሰኞ ጠዋት አባ ሽባባው መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ክሩን አወጣሁና ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። ይኼ ጾም ነው፣ ይኼ ፍስክ ነው፣ ይኼ እንቁላሉ ነው፣ ይኼ ገንፎው ነው እያልኩ አሳየኋቸው። እሳቸውም አንድ በአንድ በጣታቸው እየዳሰሱ እስከ ጫፉ ሄዱ። አበረ በር ላይ ቆሞ ያያል።

«እንግዲህ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አሉ አባ። «ጥሪ አይደለም። ልጅሽን አሳድጊ።» ተነስተው ሊሄዱ ሲሉ እማማ እታለማሁ ቢጫውን ልብስ ከግድግዳው አውርደው ታቀፉት።

«አይሂዱ አባ» አሉ። «ልብሱ ተነክሯል፣ ቆቡም ተሰፍቷል። ባሌ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆነኝ። የራሴን ተራ ነው በልጅቱ ራስ ላይ ልጭን የነበረ።»

አበረ ሊናገር አፉን ከፈተ። እናቱ በዓይናቸው ዝም አሰኙት። የሰኔ ጾም በገባበት በዚያው ቀን ቆቡን ጫኑ፤ ጎጆ ግን አልተቀለሰላቸውም፣ ከእኛው ጋር ቀሩ።

ሐምሌ አምስት ጾሙ ተፈታ። ዳልቻን ያለብኳት እኔ ነኝ። ለሦስት ዓመት እሳቸው ለእኔ እንዳደረጉልኝ፣ የመጀመሪያውን ወተት በታጠነው ቅል ይዤ ሄድኩላቸው። በዚያ ቤት ውስጥ ከእሳቸው በላይ ወተት የሚወድ ሰው አልነበረም።

«መልሺው» አሉኝ።

«እማማ፣ ዛሬ ፍስክ ነው። ከሥጋ እንጂ ከወተት እንኳ አልተከለከሉም። አባ ብለዋል።»

«አባማ ብለዋል» አሉ። «አንቺ የማትጠጪውን እኔ አልጠጣም።»

ብለምናቸውም እምቢ አሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና አንድ መሶብ ላይ ሁለታችን ሽሮ በላን። ወተቱን ውዴ ጠጣችው።