የሟች ቤት እህል

ወዬሳ በወንድሙ ቤት እህል ሳይቀምስ ስድስት ወር ሞላው። ወንድሙ ደገፋ ከተቀበረበት ቀን ጀምሮ በየማለዳው ይመጣል፤ ደጃፉ ላይ ካለችው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ውሃ እንኳ ሲሰጡት በእጁ ጀርባ ይገፋል። «የወንድሜ ደም ሳይመለስ የቤቱ እህል በጉሮሮዬ አይወርድም» ይላል። አዳማ ይህን ሰምታ አለቀሰች። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ጠላ የሚሸጡት ሴቶች «ወንድም ከሆነ አይቀር እንዲህ ነው» እያሉ ለወንዶቻቸው ይመክሩበት ነበር። አዳማ ደግሞ እንባ ካየች ሌላ ነገር የማትጠይቅ ከተማ ናት።

የደገፋ ልጅ ዘርፉም አጎቷን በዚህ አብልጣ ወደደችው። ከእሷ፣ ከወንድሟ ከጆቴና ከእናቷ ከዲንቄ ሌላ ለአባቷ እንዲህ ያዘነ ሰው አላየችም።

ደገፋ የአርሲን ቡና በበቅሎ እየጫነ ባቡሩ ድረስ የሚያመጣ ሰው ነበር። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ ሶደሬ ካለው ፍል ውሃ ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ጀርባው ላይ ሦስት የጦር ቀዳዳ አለ። ውሃው ሲቀቅለው አድሮ ነበርና ሰዎቹ ክንዱን ይዘው ሲጎትቱት ቆዳው እንደ እጅጌ ተገፍፎ በእጃቸው ቀረ። ዘርፉ አባቷን ያወቀችው በቀበቶው ነው።

በሦስተኛው ቀን የሟች በቅሎ መርጋ ከሚባል የቡልቡላ ጨው ነጋዴ ዘንድ ተገኘች። «ብቻዋን ስትባዝን መንገድ ላይ አገኘኋት» ቢል ማን ይስማው? ወዬሳ በሽመል አፉን መትቶ አራት ጥርሱን አረገፈው፤ ሰው ባይገላግል እዚያው ይጨርሰው ነበር። ዳኛውም እንደ ጊዜው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽን በአንድ ሰንሰለት አቆራኘ፤ የመርጋ ቀኝ እጅ ከጆቴ ግራ እጅ ጋር ታሰረ። ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ የአባቱ ገዳይ የተባለው ሰው የሄደበት ይሄዳል፤ ጆቴ የተኛበት ይተኛል።

እዚህ ላይ ሰንሰለቱና የአገሩ ወግ ተጣሉ። በወጉ ደም የተቃቡ ሰዎች አንድ ገበታ አይቀርቡም፤ ከአንድ ቅል ውሃ አይጠጡም። ገዳይ ጉማውን፣ የደም ካሳውን፣ ከፍሎ፣ ሽማግሌ አስታርቆት ካልሆነ በቀር የሟችን ቤት እህል ቢቀምስ ሥጋው እየረገፈ ይሞታል ይባላል። ሰንሰለት ግን ወግ አያውቅም፤ መርጋን ጎትቶ ደገፋ ቤት አስገባው። ዲንቄ ለይስሙላ በገል ቆርሳ ብትሰጠው ሰውየው ሳያመነታ በላ። ያየው ሁሉ ጉድ አለ። «ገድሎ ደግሞ ይበላል! እንዴት ያለ ዓይነ ደረቅ ነው!» መብላቱ ራሱ ምስክር ሆኖ ተቆጠረበት።

በግንቦት ፍርዱ ከአዲስ አበባ ጸድቆ መጣ። የሟች ወገን ቢፈልግ ጉማ ይቀበል፤ ቢፈልግ ልጁ በጠመንጃ ይግደለው ተባለ። ዲንቄ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ወዬሳ ግን «ደም በደም!» ብሎ ጮኸ፤ ጆቴም የአጎቱን ቃል ደገመ።

በመግደያው ቀን ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዘርፉ ለሁለቱ እስረኞች ምግብ ይዛ ገባች። ሁለቱ እስረኞች መባላቸው አይገርምም፤ ጆቴም ከታሰረ ስድስት ወሩ ነው፣ የእጁ አንጓ እንደ መርጋ ቆስሏል። ጆቴ ውጅግራውን ይወለውል ነበር። እጁ ወዲያና ወዲህ ባለ ቁጥር የመርጋም እጅ አብሮ ይሄዳል፤ ሰውየው የሚሞትበትን ጠመንጃ እያገዘ የሚወለውል ይመስላል።

«እህቴ» አለ መርጋ፤ «ነገ ይህን ጊዜ የለሁም። ገሉ ሰለቸኝ። ከአባትሽ ሳህን በእጅሽ አንድ ጊዜ አጉርሺኝ።»

ጆቴ በሰንሰለቱ ሳበውና ከንፈሩን በቡጢ አፈረጠው። መርጋ ደሙን ተፋ።

«ምታኝ። ስድስት ወር ሙሉ እህላችሁን በላሁ፤ ደም ካለብኝ ሥጋዬ የታለ የረገፈው? ከእናንተ ዱላ በቀር የነካኝ የለም!»

ዘርፉ ሳህኑን አነሣች። የተረፈውን ይዛ ስትወጣ አጎቷ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። እንደ ልማዷ ሳህኑን ዘረጋችለት፤ እንደ ልማዱ በእጁ ጀርባ ገፋው። ዛሬ ግን እጁን አየችው፤ ሳህኑ ሲነካው የጋለ ምጣድ እንደነካ ሰው ሸሸ። ሐዘን አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። የበላው ሰው ውስጥ ታስሯል፤ ያልበላው ደጅ ተቀምጧል።

እናቷ ዘንድ ሮጠች። «እማዬ፣ አጎቴ እውነት ስለ ሐዘን ነው የማይበላው?»

ዲንቄ የምትለቅመው ምስር ከነሰፌዱ ወደቀባት። ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ» አለች።

ለጆቴ ብትነግረው አያምናትም። ወዬሳ ፈረስ ያስተማረው፣ ውጅግራውን የገዛለት፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ልጄ» እያለ ያሳደገው አጎቱ ነው። ነገ ያ ጠመንጃ ከተተኮሰ ንጹሕ ሰው ይሞታል፤ ወንድሟም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ደም ተሸክሞ ይኖራል። ዘርፉ በማለዳ ተነሥታ ቂጣ ጋገረች፤ በቅቤና በበርበሬ ፈትፍታ ጨጨብሳ አደረገችው።

ከሐዲዱ ማዶ ባለው ሜዳ ሕዝቡ ከቦ ቆሟል። ወታደሮች ሰንሰለቱን ፈቱና መርጋን ግንድ ላይ አሰሩት። የሽማግሌዎቹ አለቃ ኦቦ ገርባ በትራቸውን ወደ ጆቴ ዘረጉ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅህ። ጉማ ወይስ ደም?»

«ደም!» አለ ወዬሳ ከጆቴ ቀድሞ።

ዘርፉ ሳህኑን ይዛ ገባች። «ከመተኮሱ በፊት ሁላችሁም ከአባቴ ቤት እህል አንድ አንድ ጉርሻ ቅመሱ። የነፍሱ ነው፣ እንቢ አይባልም።» ኦቦ ገርባን አጎረሰች። ጆቴን አጎረሰች። ግንዱ ዘንድ ሄዳ መርጋን ስታጎርሰው በቀሩት ጥርሶቹ እያላመጠ ዋጠ፤ ሰዉ አጉረመረመ። ከዚያ አጎቷ ፊት ቆመች።

«ስለት አለብኝ» አለ ወዬሳ።

«ስለትዎ ደረሰ እኮ፣ አጎቴ። ገዳይ ያሉት ታስሯል፤ ጠመንጃው ጎርሷል። የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

ወዬሳ አፉን አልከፈተም። ኦቦ ገርባ በትራቸውን ይዘው ቀረቡ። «ጉረስ እንጂ፣ ወዬሳ። የወንድምህ ቤት እህል ነው።»

ወዬሳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ዘርፉ ጉርሻውን ከንፈሩ ላይ ስትጭነው ወዬሳ እንደ ተወጋ በሬ አጓርቶ በሽመሉ ፊቷን ጠረበው። አገጯ ተሰነጠቀ፤ ጥርሷ ምላሷ ላይ ወደቀ። ሳህኑ ተገለበጠ። እሷ መሬት ላይ ተዘርራ እያለ በእግሩ ሆዷን ረገጣት፤ ያን ጊዜ ስድስት ወር የዘጋው አፍ ተከፈተ።

«እሱ ነው ቀድሞ ጦር ያነሳብኝ! እኔ ልግደለው ብዬ አልሄድኩም!»

ደገፋ የተወጋው ጀርባው ላይ እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ጆቴ ጠመንጃውን ከመርጋ ላይ አንስቶ ወደ አጎቱ አዞረ። በዚያች ቅጽበት ዲንቄ ሕዝቡን ጥሳ ዘርፉ ላይ ወደቀች፤ አፏን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ተንፈቀፈቀች።

«አባቱ ነው! ጆቴ የወዬሳ ልጅ ነው። ለአባትሽ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ ተጋደሉ። አንቺን ይሰማሻል፣ አስቁሚው!»

ዘርፉ ቀና አለች። መጮህ ትችል ነበር፤ «ተው» ለማለት አንዲት ትንፋሽ ትበቃለች። የአባቷ ቆዳ በሰዎቹ እጅ ላይ ሲንጠለጠል ታያት። አልጮኸችም።

«ልጄ» አለ ወዬሳ ሁለት እጁን ዘርግቶ። ሁልጊዜ የሚጠራው እንዲሁ ስለነበር ቃሉ ማንንም አላስደነቀም። ጆቴ ተኮሰ። ጥይቱ በጉሮሮው ገብቶ በማጅራቱ ወጣ፤ ሰውየው ተንበርክኮ ደሙን በሁለት እጁ ሊያቁር ታገለ፤ ሳይሆንለት ጨጨብሳው ላይ ተደፋ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀና። ወታደሮቹ ጆቴን አልያዙትም፤ ገዳይ በአፉ አምኗል፣ ልጅ የአባቱን ደም መልሷል ተባለ። መርጋን ፈቱት። ሰውየው ካሳም ይቅርታም ሳይጠይቅ፣ ቁስሉን እንኳ ሳያጥብ፣ በቡልቡላ መንገድ እያነከሰ ሄደ። ወዬሳን ቀበሩት። ዲንቄ በሰው ፊት አንዲት እንባ አላወጣችም።

ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ሦስቱ ገበታ ቀረቡ። ጆቴ ግራ እጁን እያገላበጠ ያይ ነበር፤ ሰንሰለት የሌለበት እጅ ቀለለው። ውጅግራው ከራሱ በላይ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። እንደ ልጅ ተርቦ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሰ፤ አሁን ገና ሳቅ አለና ትልቅ ጉርሻ አዘጋጅቶ ወደ እናቱ ዘረጋ።

«እንኪ፣ እማዬ። የአባባ ደም ተመለሰ።»

ዲንቄ እጁን አየች። የገዛ አባቱን የገደለ እጅ ነው። ከንፈሯን ገጠመች።

«ጉረሺ እንጂ።»

አልከፈተችም። የጆቴ እጅ በአየር ላይ ቀረ፤ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። ጠዋት የተዘጋ አፍ ምን ማለት እንደሆነ ተምሯል፤ ያስተማረችውም ዘርፉ ናት። ዓይኑ ከእናቱ ከንፈር ወደ ምሰሶው ሄዶ ተመለሰ።

ዘርፉ ከገበታው ላይ ተንጠራርታ ጉርሻውን ከእጁ በአፏ ተቀበለችው። በርበሬው የተሰነጠቀውን ድዷን እንደ እሳት ፈጀው።

«ስለት አለባት» አለች፤ የማን ቃል እንደሆነ ከአፏ ከወጣ በኋላ ታወቃት። «ለአባባ ነፍስ ሦስት ቀን እህል አትቀምስም። ለእኔ ስጠኝ።»

ጆቴ አንዴ ወደ እናቱ፣ አንዴ ወደ እህቱ አየ። ከዚያ ትከሻው ወረደ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለና ሁለተኛውን አዘጋጀላት።

ዘርፉ አፏን ከፈተች።