ሁዳዴ የጾመች ፒካፕ

ቀኛዝማች ተክለጻድቅ አዲሷን ፒካፕ ከአዲስ አበባ ያስመጡ ለት ነቀምቴ ሥራ ፈታ። ነጋዴው ሱቁን ክፍት ትቶ ወጣ፤ ሌባውም ክፍቱን ሱቅ ትቶ መኪናዋን ሊያይ ወጣ። አንዱ ጎማዋን በእርግጫ ይሞክራል፣ አንዱ መስታወቷ ላይ ጥርሱን ያያል፣ አንዷ ደግሞ መብራቷን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግላታለች። ቀኛዝማች ኩታቸውን አጣፍተው ከጎኗ ቆመዋል። ራሳቸው አምጠው የወለዷት ይመስል፣ ለጠየቃቸው ሁሉ፣

"ደህና ናት፣ ደህና ናት፤ መንገዱ ትንሽ አድክሟት ነው" ይላሉ።

ያደከመው ግን መንገዱ ጆቴን ነበር። ሾፌሩ እሱ ነው። መኪናዋን ሲረከብ አዲስ አበባ ያለው መካኒክ ጆሮውን ይዞ እንዲህ ብሎ መክሮታል፦ "ሮዳጇ እስኪያልቅ፣ ሞተሯ እስኪፍታታ ማለቴ ነው፣ ቀስ ብለህ ንዳት። ሲያልቅ መጀመሪያ የገባላትን ዘይት ድፋና ቀይር። አዲስ ብረት ሲፋተግ ብናኝ ይጥላል። ከዚያ ወዲያ በየሦስት ሺው ኪሎ ሜትር። የናንተ አገር አቧራ ከሆነማ ከዚያም ቶሎ።"

ጆቴ እሺ አለ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ዘይት የሚገዙት ቀኛዝማች ናቸው።

ቀኛዝማች ደግሞ በመኪና ነገር የተማሩ ሰው ናቸው። የተማሩት በበቅሎ ላይ ነው እንጂ።

"ጌታዬ፣ የፒካፗ ዘይት መቀየር አለበት" አላቸው አንድ ቀን።

"እሷማ አዲስ ናት።"

"አዲስ ስለሆነች እኮ ነው።"

ቀኛዝማች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "አንተ ጆቴ! የሙሽራ ቀሚስ ሳይቆሽሽ ይታጠባል?"

"ከውስጥ ቆሽሿል ጌታዬ። የመጀመሪያው ዘይት እኮ እንደ እንገር ነው። ላም ስትወልድ መጀመሪያ የሚታለበው..."

"እንገር!" ቀኛዝማች ብድግ አሉ። "እንገር ይደፋል? እንገር የጥጃዋ ነው! እንገሯን ያልጠባች ጥጃ ስታድግ አይተህ ታውቃለህ? ወይ ጉድ፣ የወለጋ ሰው ከብት ያውቃል ሲሉኝ አምኜ!"

ጆቴ ምላሱን ነከሰ። እንገሩን ያመጣው ራሱ ነው፤ ማንን ይወቅሳል?

"ደግሞ" አሉ ቀኛዝማች፣ "ይሄ ዘይት ባሕር ማዶ፣ በገዛ አገሯ የገባላት ነው። አንተ የነቀምቴ ዘይት ልታጠጣት?"

"የነቀምቴውም የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው ጌታዬ።"

"ቢሆንም መንገድ ላይ ቀዝቅዟል!"

ነገሩ በዚህ ተዘጋ።

እውነቱን ለመናገር ጆቴ ለቀኛዝማች ንብረት እንቅልፍ አጥቶ የሚያድር ሰው አልነበረም። እንቅልፍ የነሳችው ድርቤ ነች። ድርቤ የጎረቤት ከተማ የአኖ ልጅ ናት። አባቷ ኦቦ ቀነዓ የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ትሑት ሰው ናቸው ይባላል፤ ትሕትናቸውን ራሳቸው ናቸው የሚያወሩት። ጆቴ ሽማግሌ ሲልክ የመለሱት መልስ አጭር ነበር።

"ትልቋ ልጄ የወጣችው በመኪና ነው። ድርቤ በበቅሎ ብትወጣ አኖ ምን ይለኛል? መኪና ይዞ ይምጣና ይውሰዳት። በቅሎ ያለው ባልማ እዚሁ ሰፈራችንም አለ፤ እሱም ጠይቆኛል።"

ቀኛዝማች ለሠርጉ ፒካፗን ሊያውሱት ቃል ገቡ። ጊደር ከመስጠት መኪና ማዋስ ይሻላል፤ መኪና ተመልሳ ትመጣለች። "ግን ከፋሲካ በኋላ" አሉ፤ "በጾም ሠርግ አላጅብም።" እንግዲህ የጆቴ ትዳር በሞተሯ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ከፋሲካ በፊት ሞተሯ ከነከሰች፣ ብረት ከብረት ተጣብቆ ከቆመች፣ ድርቤ ለባለበቅሎው ነች።

ሞተሯ ደግሞ ልትነክስ ዳር ዳር ትል ጀመር። ቡናና ቆዳ እየጫነች የአኖን አቧራ ስትቅም ከርማ ዘይቷ የጠላ አተላ መስሏል። ዳገት ላይ እንደ ሳንባ በሽተኛ ታቃስታለች። ጋራዥ ያለው ባቻ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ አየና በጣቱ አሻሸው።

"ይሄ ዘይት አይደለም፣ ጭቃ ነው። ሠርግህ መቼ ነው?"

"ከፋሲካ በኋላ።"

"በበቅሎ ነው በለኛ!"

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁዳዴ ገባ። ቀኛዝማች በጾም ቀልድ አያውቁም። በግቢያቸው ዶሮዋ እንኳ እንቁላል ስትጥል አንገቷን ደፍታ ነው። ጆቴ የሚሲዮን ሰው ነው፤ ሁዳዴ መግባቱን የሚያውቀው ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ነው። ዘንድሮ ግን ጾሙ ከጿሚዎቹ ይልቅ እሱን ጠቀመው። አንድ ጠዋት ቀኛዝማችን ከቤተ ክርስቲያን እየመለሰ ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

"ጌታዬ፣ አንድ ነገር ህሊናዬን እየቆጠቆጠው ነው።"

ህሊና እንዳለው ቀኛዝማች የሰሙት ያን ለት ነው። "ምንድን ነው?"

"ይሄ የመኪናዋ ዘይት ባሕር ማዶ ነው የገባላት ብለውኝ አልነበር?"

"ብያለሁ።"

"ለመሆኑ ፈረንጅ ዘይት የሚያወጣው ከምንድን ነው?"

"ከኑግ ነዋ።"

"ፈረንጅ አገር ኑግ አለ?"

ቀኛዝማች ትንሽ አሰቡ። "ከተልባ ይሆናል።"

"ተልባስ?"

"ታዲያ ከምንድን ነው አንተ?"

ጆቴ ሰው የሚሰማው ይመስል መስኮቱን ዘጋ። "እኔ አላየሁም። ሰው ያለውን ነው የምለው። ከሞራ ነው አሉ። የምን ሞራ እንደሆነ ግን በጾም ምድር ከኔ አፍ አይወጣም።"

"የ... የእሪያ?"

"እኔ አላልኩም ጌታዬ! እርስዎ ነዎት ያሉት።"

ቀኛዝማች ከመቀመጫው ላይ እንደ ተቃጠለ ሰው ተነሱ፤ ጭንቅላታቸው ከጣሪያው ተላተመ። "እኔ እኮ በእሷ እየሄድኩ ነው ቅዳሴ ሳስቀድስ የሰነበትኩት!"

የንስሐ አባታቸው አባ ገብረክርስቶስ ተጠሩ። አባ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ፒካፗ ከመጣች ወዲህ በእግራቸው ሲሄዱ ያያቸው የለም። ነገሩን ጺማቸውን እየደባበሱ ሰሙ።

"የሚጾም ሰው ብቻ ነው ያላችሁ ማነው? ዮናስ ነነዌ የገባ ጊዜ ሕዝቡ ብቻውን ጾመ? ከብቱም በጉም ውሃ እንኳ አልቀመሰም ይላል መጽሐፉ! ፒካፕስ ምንድን ናት? የጭነት ከብት ናት።"

"ታዲያ ዘይቱ አባ?"

"ይውጣ! የጾም ይግባላት።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ደግሞ ዳገት ላይ እያቃሰተች ጸሎቴን ታቋርጠኛለች" አሉ።

ቀኛዝማች ዘይቱን ራሳቸው ሊገዙ ገበያ ወጡ። ነጋዴውን "የጾም ነው?" ሲሉት አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ጆቴን አየ።

"የጾምም የፍስክም አለ ቀኛዝማች። የጾሙ ወደድ ይላል።"

ወደድ ያለው ተገዛ። ጆቴ ከሥር ገብቶ ብሎኑን ሲፈታ ያ አተላ እየተንጠባጠበ ወረደ። የእሪያ ሞራ ነው ብለው የተጸየፉትን ዘይት ግን ቀኛዝማች አላስደፉትም፤ ምስጥ እንዳይበላው የአጥሩን እንጨት ቀቡበት። አጥር አይጾምም።

አዲሱ ዘይት ሲገባላት ፒካፗ ዳገቱን እየዘፈነች ወጣች። ጆቴ በሳምንቱ አኖ ገበያ ድርቤን አግኝቶ ሲያወራላት ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

"ጆቴ፣ የጾመ ሁሉ ይገድፋል እኮ።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"እኔ ምን አውቄ፣ የሚሲዮን ልጅ ነኝ" አለችና ቅርጫቷን አንስታ ሄደች።

የፋሲካ ለት ጠዋት ጆቴ እንኳን አደረሰዎ ሊል ግቢ ሲገባ የድርቤ ነገር ገባው። የፒካፗ ኮፈን ተከፍቷል። የዘይት ማስገቢያዋ ክዳን ወልቋል። ቀኛዝማች እጅጌያቸውን ሰብስበው በሁለት እጃቸው ትልቅ ማንቆርቆሪያ ይዘዋል፤ ማንቆርቆሪያው ሙሉ የቀለጠ ንጥር ቅቤ ነው። ሚስታቸው እሜቴ የሺወርቅ ከኋላቸው ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል።

"ለዶሮው አልበቃ ያለኝን ቅቤ ለብረት! በኮረሪማ ያነጠርኩትን!"

"ዝም በይ አንቺ! ሁዳዴን ከኛ እኩል ጾማለች። እኛ ገድፈን እሷ ልትቀር?"

ቀኛዝማች በሕይወታቸው ለሰው ቅቤ ሰጥተው አያውቁም። አንዴ ቢቸሩ፣ የቸሩት ለዚህ ነው። ማንቆርቆሪያው ዘንበል አለ።

"ጌታዬ ይቆዩ!" ጆቴ ዘሎ ደረሰ።

"ምነው?"

ምነው? ውሸት ነበር ብሎ እንዳይናገር ሥራውም ሠርጉም አለቀ። ዝም እንዳይል ሞተሯ አለቀች፤ ሠርጉ ከእሷ ጋር።

"ጠይቀዋታል?" አለ።

"ማንን?"

"እሷን። በቅሎ እንኳ ውሃ ሲቀርብላት አሽትታ አይደል የምትጠጣው? ማንቆርቆሪያውን እዚህ አጠገቧ ይያዙልኝ፤ እኔ ላስነሳት። ቅቤውን ከወደደችው ትነሳለች፤ ካልወደደችው ትነግረናለች።"

በበቅሎ የመጣ ነገር ቀኛዝማችን ያሳምናል፤ ማንቆርቆሪያውን ይዘው ወደ ሞተሯ ተጠጉ። ጆቴ ክዳኑን መለስ ለማድረግ ጎንበስ ሲል፣ ሞተሯን ለሚያስነሱት ካንዴላዎች እሳት የሚያቀብለውን ገመድ በአውራ ጣቱ ነቀል አደረገ። ጋቢና ገብቶ ሞከረ።

እኽ፣ እኽ፣ እኽ፣ እኽ።

"አዩ? ሽታው አሳላት!"

"ወይ ተአምር! የሺ፣ ቅቤውን ወደ ጓዳ! ቶሎ!"

እሜቴ እስኪነገራቸው አልጠበቁም፤ ቅቤያቸውን አቅፈው እየሮጡ ነው። ጆቴ "አይዞሽ፣ ሄዷል" እያለ ሞተሯን የሚዳብስ መስሎ ገመዱን መለሰ። ቢያስነሳት እንደ ዲያቆን በጠራ ድምፅ ተነሳች። ቀኛዝማች ሦስቴ አማተቡ። ጾሙን ለመግደፍ ማልደው የመጡት አባ ገብረክርስቶስም የዶሮ አጥንት እንደያዙ ከቤት ወጡ።

"ጌታዬ፣ በፋሲካ እንኳ ቅቤ አልቀምስም የሚል ማን ነው?" አለ ጆቴ በለሰለሰ ድምፅ።

"መነኩሴ!" አሉ ቀኛዝማች። ከዚያ ራሳቸው ያሉትን ራሳቸው ሰምተው ዓይናቸው ፈጠጠ። "አባ! መንኩሳለች!"

አባ አጥንቱን አዩ፣ ፒካፗን አዩ። "በዚህ ሁዳዴ አካሄዷ ተለውጦ ነበር" አሉና ወደ ዶሮአቸው ተመለሱ።

ጆቴ በልቡ ራሱን አሞገሰ። ውዳሴውን ግን ሳይጨርስ ቀኛዝማች ዞሩ።

"እንግዲህ ሠርግህን በበቅሎ ማድረግህ ነው።"

"ምን... ምነው ጌታዬ?"

"መነኩሲት ሠርግ ቤት ምን ልትሠራ ትሄዳለች? ጠጅ ባለበት፣ ከበሮ ባለበት!"

ጆቴን ኦቦ ቀነዓ ታዩት፤ ባለበቅሎው ታየው። ከዚያ ድንገት የአማቱ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለው።

"የኛ ሠርግ ጠጅ የለውም ጌታዬ።"

"ጠላስ?"

"የለም።"

"አረቄ?"

"ምን ሲባል!"

"እስክስታውስ?"

"አማቴ ኃጢአት ነው ይላሉ።"

"ታዲያ ምን አለው?"

"መዝሙር አለ። ስብከት አለ። ስብከቱ ረጅም ነው።"

ቀኛዝማች አብሯቸው መሥራት ከጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሐዘን አዩት። እሜቴ የሺወርቅ ከጓዳ በር ላይ ሆነው፣ "ኧረ ተዝካር እንኳ ጠላ አለው!" አሉ።

"ትሂድለት" አሉ ቀኛዝማች። "ከዚህ ወዲያ ግን ሥርዓቷን ትጠብቃለህ። ጾም በገባ ቁጥር ዘይቷ ይቀየር፤ ለሁዳዴም፣ ለሐዋርያትም፣ ለፍልሰታም፣ ለነቢያትም። ደግሞ መነኩሲት ከጎረምሳ ጋር ብቻዋን አገር አታቋርጥም። አባ አብረዋት ይሄዳሉ።"

ጆቴ በሆዱ አሰላው። ያ የአዲስ አበባ መካኒክም ቢሆን ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር አልተናገረም።

በሠርጉ ቀን ፒካፗ አኖ ስትገባ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ኦቦ ቀነዓ አንገታቸውን አስረዝመው ባለበቅሎው ማየቱን አረጋገጡ። ከመኪናዋ መጀመሪያ የወረዱት ግን ጥላና መስቀል የያዙ ባለ ጥምጥም ቄስ ሲሆኑ የኦቦ ትሕትና ትንሽ ተደናገጠ።

"ጆቴ፣ እኚህ ማን ናቸው?"

"የመኪናዋ ዘመድ ናቸው ኦቦ።"

ስብከቱ እንደ ተፈራው ረዘመ። አባ ገብረክርስቶስ ከመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ወይም ተኙ። ሲያልቅ ሙሽሮቹ ወደ ነቀምቴ ሊሄዱ ተነሱ። ዘማሪዎቹ ከኋላ ጭነት ቦታዋ ላይ ተሳፈሩ። ጋቢናዋ ሦስት ሰው ትይዛለች፤ መሪው ላይ ጆቴ፣ መስኮቱ ጋ ድርቤ፣ መሃል ላይ ደግሞ አደራ ያለባቸው አባ ገብረክርስቶስ፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሃል ተክለው። ጆቴ ማርሽ በቀየረ ቁጥር የሚነካው የአባን ጉልበት ነው። ወደ ሙሽራዋ ባየ ቁጥር የሚያየው የአባን ጺም ነው።

ዳገቱ መጣ። ፒካፗ ሳታቃስት፣ እንደ ውሃ በለሰለሰ ድምፅ ትወጣው ጀመር። ድርቤ ቬሏን ገለጥ አድርጋ በአባ ትከሻ ላይ አንገቷን አሻገረች።

"ኦቦ ሾፌር፣ እኔ ዛሬ ያገባሁት የትኛችሁን ነው?"

አባ ገብረክርስቶስ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣

"ዝም በይ ልጄ" አሏት። "መኪናዋ እየጸለየች ነው።"