ቦሰና በእንግሊዝኛ የጻፈችው

ቦሰና ኮምፒውተር ልማር ብላ መርካቶ ዱባይ ተራ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት ስትጀምር በርበሬ በረንዳ ያሉ ጎረቤቶቿ ሳቁባት። ምን ይፈረድባቸዋል? አርባ ዓመት ያለፋት፣ ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከበርበሬና ከኮረሪማ ጋር የኖረች ሴት ድንገት ተነስታ ኮምፒውተር ስትል ማንም ይስቃል። እሷም በዋዛ የምትታለፍ አይደለችም። እናንተ ሳቁ፣ እኔ ልጄን ላድን አለቻቸውና ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ልጇ ቶማስ ይባላል፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። አባቱ የሞተው እሱ ገና ዳዴ ሳይል ነበር። ቶማስ ሲወለድ ጀምሮ ልቡ ውስጥ ያልተዘጋ ቀዳዳ አለ። እኩዮቹ ሲሮጡ እሱ የሱቅ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ትንሽ ከተራመደ ከንፈሩ ይጠቁራል። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት ብዙ እንደማይቆይ ሳይደብቁ ነግረዋታል፤ እዚህ ወረፋው የሚደርስ አይደለም ብለዋታል። በኋላ ልበ ሕሙማን ሕፃናትን ባሕር ማዶ ወስዶ በነፃ የሚያሳክም አንድ ድርጅት እንዳለ ሰማች። ማመልከቻው ግን በኢንተርኔት ነው፣ ያውም በእንግሊዝኛ።

መጀመሪያ ኢንተርኔት ቤት ሄዳ አንድ ጎረምሳ ሞላላት። ጎረምሳው እንደ ፍርድ ቤት ደጃፍ ራፖር ጸሐፊዎች አንድ የተዘጋጀ ጽሑፍ ነበረው፤ የልጁን ስም ብቻ እየቀያየረ ለመጣው ሁሉ ይልካል። መልሱ መጣ። ይህንኑ ታሪክ ቃል በቃል ከብዙ እናቶች ተቀብለናል፣ እባክዎ የልጅዎን ሁኔታ ራስዎ ይንገሩን ይላል። ሲተረጎምላት ተናደደች። ግን የተናደደችው በእነሱ አልነበረም። እውነታቸውን ነው፤ ቶማስ ሌሊት ስንቴ ተነስቶ እንደሚቀመጥ፣ ትራስ ስንት ተደርቦለት እንደሚተኛ ያ ጎረምሳ በየት በኩል ያውቃል? የምታውቀው እሷ ናት። እንግዲያው እሷው ትጻፈዋ።

ይህ የሆነው በሚሊኒየሙ ማግስት ነው፤ መርካቶ ያለ ነጋዴ ሁሉ ከቻይና ካልተጻጻፍኩ የሚልበት ጊዜ። ውብሸት የሚባል ወጣት መምህር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ሥራ ላላቸው ሰዎች ኮምፒውተርና እንግሊዝኛ አንድ ላይ ያስተምር ነበር። ማሽኑ የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው፤ ታዲያ እንዴት ይለያያሉ? ይላል። ዘዴው የራሱ ነበር። ሁሉም ተማሪ በየቀኑ ከገዛ ኑሮው አንድ ነገር በአፉ ይናገራል፣ ውብሸት እንግሊዝኛውን ይነግረዋል፣ ተማሪው ፊደል እየፈለገ ይመታዋል። ስለዚህ አንዱ ስለ ጫማ፣ አንዱ ስለ ድስት ሲጽፍ ቦሰና ስለ ልጇ ትንፋሽ ትጽፋለች። መጀመሪያ ሰሞን ማውሱን ስትጨብጠው እንደሚያመልጥ አይጥ አንቃ ነበር፤ ፊደሎቹ ደግሞ በተራ አለመቀመጣቸው ያበሳጫታል። ይሄን የደረደረው ሰው ጤነኛ አይደለም ብላ ክፍሉን ሁሉ አስቃለች።

ቤት ስትገባ ደግሞ አስተማሪዋ ቶማስ ነው። ሦስት ትራስ ተደግፎ ቃል ይጠይቃታል፤ ስትሳሳት አይምራትም። በእንግሊዝኛ «መተንፈስ» የሚለውን ቃል ያስያዛት እሱ ነው። እያደር ዓረፍተ ነገሮቿ በዙ። ልጄ ቶማስ ይባላል። ልጆች ሲሮጡ እሱ ይቀመጣል። ሌሊት ተቀምጦ ይተኛል። ትልቅ ስሆን ሹፌር እሆናለሁ ይላል። እነዚህን በእንግሊዝኛ ስትጽፍ በሕይወቷ እንደዚያ የኮራችበት ቀን አልነበረም።

ከጎኗ የሚቀመጡት ጋሼ ሰላሁዲን ናቸው። ስልሳ የሞላቸው የአቡጀዲ ነጋዴ ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ረጋ ያሉ፣ ለሰው የሚያዝኑ። ከዓመታት በፊት የነበሩበት የሱቅ ረድፍ በኤሌክትሪክ እሳት ሲነድ ወንድማቸው ፉርቃን ዕቃ አወጣለሁ ብሎ ገብቶ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ሰላሁዲን ከየትኛውም ቤት መጨረሻ ከወጡ ቆጣሪውን ሳያጠፉ አይሄዱም። መርካቶ ውስጥ ሱቅ ዘግቶ ቆጣሪ የማያጠፋ ነጋዴ መቼም የለም፤ እሳቸው ግን ከደረጃ ተመልሰው ሁለተኛ ያያሉ። ቦሰና ይሄን ታውቃለች። ሁሉም ያውቃል። ስለዚህም ያከብሯቸዋል።

ማመልከቻው የሚዘጋበት ቀን በኅዳር ደረሰ። ቦሰና እስከዚያ ቀን የቆየችው ወዳ አይደለም፤ የሐኪሙ ማስረጃ ተፈርሞ የወጣው በዚያው ጠዋት ነው። ድርጅቱ የሚቀበለው እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። ትምህርቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲያበቃ ተማሪው ተበተነ። ቦሰና ክፍሉን ለሁለት ከሚከፍለው የኮምፖንሳቶ ግድግዳ ጀርባ፣ ኢንተርኔት ያለው ብቸኛው ማሽን ፊት ተቀመጠች። ውብሸት የሐኪሙን ወረቀት ስካን አድርጌ ልምጣ፣ እትዬ ቦሰና፣ እርስዎ መጻፉን ይጀምሩ ብሏት ወጣ። እሷም ጀመረች። በሁለት ጣት፣ ፊደል በፊደል። ሹፌር የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ መብራቱ ድርግም አለ።

በዚያ ዓመት የመብራት ፈረቃ ነበር። ትናንት ጠፍቷል፣ ከትናንት ወዲያ ጠፍቷል፣ ዛሬም ጠፋ፤ ማን ይገረማል? ቦሰና ፊቷን አማትባ ተቀመጠች። አንዳንዴ ቶሎ ይመለሳል። የመድኃኔዓለም ያለህ፣ ለዛሬ ብቻ አለች። ጨለማው እየከበደ መጣ፣ እሷ አሁንም እጇን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ተነስቼ ኮሪደር ልይ የሚል ሐሳብ አልመጣላትም። እድሜ ልኳን የሚቆጫት ይሄ ነው።

ውብሸት ሲመለስ ደረጃው ላይ እያለከለከ ነበር። ስካን የሚያደርገው ሱቅ ሰልፍ ኖሮት ዘግይቷል። ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ ሲያያት ደነገጠ፤ ታች እኮ መብራት አለ አላት። ኮሪደር ወጥቶ ቢያይ ቆጣሪው ጠፍቷል። አበራውና ሮጠ፣ ማሽኑን አስነሳ፣ በስልክ ሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔት እየጮኸ መስመር ፈለገ፣ አጣ፣ ደግሞ ፈለገ። የጻፈችው ሁሉ የለም። ራሱ ሊመታላት ወንበሩን ሳበ። ገጹ ሲከፈት የዚህ ዙር ማመልከቻ ተዘግቷል የሚል ጽሑፍ ወጣ። ቦሰና ራሷ አነበበችው። ማንም አልተረጎመላትም።

ቆጣሪውን ማን እንዳጠፋው መጠየቅም አላስፈለጋትም። ጋሼ ሰላሁዲን ክፍሉን ከፊት በኩል አይተው ሰው የለም ብለው ነው፤ ግድግዳው ጀርባ አላዩም። መጨረሻ ወጥተዋል፣ አጥፍተዋል፣ እንደ ሁልጊዜው። በማግስቱ ጠዋት ሱቃቸው ሄደች። ደንበኛ ሞልቷል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ድምጿን እንኳ ሳታነሳ፣ «ጋሼ ሰላሁዲን፣ ልጄን ገደሉብኝ» አለቻቸው። ሰውየው ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ስትነግራቸው የያዙት ሜትር ከእጃቸው ወደቀ።

ከዚያ ውብሸትን ይዘው ያልዞሩበት የለም። ውጭ አገር ስልክ አስደውለዋል፣ ስህተቱ የእኔ ነው ብለው በውብሸት እጅ አጽፈዋል። መልሱ ትሁት ነበር፣ ግን ያው ነው፤ የሚቀጥለው ዙር ከፋሲካ በኋላ ይታያል፣ የቶማስን ስም ከወዲሁ መዝግበናል አለ። ይሄንኑ ለቦሰና ነገሯት። ጋሼ ሰላሁዲን ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍሉ ድርሽ አላሉም። እሷ ግን አላቋረጠችም። ምን ታርግ፣ ቶማስ ማታ ማታ ቃል ይጠይቃታላ።

ልጁ ክረምቱን የተሻገረበት ጉልበት በጋው ላይ ከዳው። ጾሙ ሲገባ ከአልጋ መውረድ አቆመ፣ እግሩ አበጠ። እናቱ የምታነብለትን እንግሊዝኛ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማና ስትሳሳት ጣቱን ብቻ ያነሳል። በደብረ ዘይት ሰሞን አንድ ንጋት ላይ ትራሱን እንደተደገፈ አረፈ። ቦሰና አጠገቡ ነበረች። ያን ቀን የሆነችውን መናገር አይቻልም፣ እኔም አልናገርም፤ እናት የሆነች ታውቀዋለች።

የእድሩ ድንኳን ሰፈሩ መተላለፊያ ላይ ተተከለ። በሠልስቱ ረፋድ ቦሰና ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች ድንኳኑ ገመድ አጠገብ ኮፍያቸውን አድርገው የቆሙ አንድ ሽማግሌ አየች። ጋሼ ሰላሁዲን ናቸው። አይገቡም፣ አይሄዱም። ሰው ግቡ ሲላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ይደፋሉ። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ ቆመው ነበር። ቦሰና ስታያቸው መጀመሪያ የመጣባት ያው ንዴት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሂዱልኝ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ግን ወንድማቸው ፉርቃን ትዝ አላት፣ ለቀብር እንኳ የሚሆን ገላ እንዳልተገኘለት የሰማችው።

ሐዘንተኛ ለለቀስተኛ አይነሳም። ቦሰና ተነሳች። ሴቶቹ ሊይዟት ሲሉ አለፈቻቸውና ውጭ ድረስ ሄዳ የሽማግሌውን እጅ ያዘች።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ሰላሁዲን። «ከእኔ እጅ ነው የመጣው። አልክድም።»

«አውቃለሁ» አለቻቸው። «ያጠፉት ግን ሰው እንዳይቃጠል ነው። ይሄንንም አውቃለሁ። ይግቡ።»

እየመራች አስገብታ ከወንድሞቿ ጎን አስቀመጠቻቸው። ሽማግሌው ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው እንደ ልጅ አለቀሱ። ይቅር አለቻቸው ወይ? እኔ እንጃ። ከዚያ በኋላም ስማቸው ሲነሳ ደረቷ ላይ የሚወጋት ነገር እንደነበር ለውብሸት ነግራዋለች። ደጅ ላይ ቆመው እንዲቀሩ ግን አልፈለገችም።

ከፋሲካ በኋላ፣ አርባው ወጥቶ፣ ቦሰና ጥቁሯን እንደለበሰች ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ጋሼ ሰላሁዲንም ተመልሰው ነበር፤ ራሷ ናት ይምጡ ብላ የላከችባቸው። ውብሸት ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ። የደበቀው ነገር እንዳለ ገባትና ምንድን ነው አለችው። መልእክት መጥቷል አላት። ድርጅቱ ነው። የቶማስ ተራ ደርሷል፣ ልጁን ለምርመራ ያምጡ ይላል። እስኪ ልየው አለች። ተቀምጣ ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛው አነበበችው። ቶማስ የሚለው ስም ላይ ስትደርስ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ ቆየች።

ውብሸት እኔ እመልስላቸዋለሁ፣ እርስዎ አይድከሙ አላት። እምቢ አለች። ቁልፎቹን ወደ ራሷ ስባ በሁለት ጣት መምታት ጀመረች። ቶማስ ሞቷል ብላ ጻፈች። ውብሸት እያየ አላስቻለውም፤ ለሞት የሚባል ለስለስ ያለ የእንግሊዝኛ አነጋገር አለ፣ ልንገርዎ አላት። «የሞተውን ሞተ ነው የምለው፣ ውብሸት» አለችው። ቀጠለች። ተራውን ለሌላ ልጅ ስጡ ብላ ጻፈች። ትንሽ አሰበችና አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች።

ጋሼ ሰላሁዲን ከጎኗ ሆነው እንግሊዝኛውን ለመያዝ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጨረሻዋ ግን አልገባቸውም። ምን ይላል ብለው በቀስታ ጠየቋት። ቦሰና መላኪያውን ተጫነችና ፊቷን ወደ እሳቸው አዞረች።

«ቶሎ ስጡት፣ እናቱ እየጠበቀች ነው ይላል።»